በወይፈኑ ክፍል ሁለት ትንፋሽ

ከብት ጠባቂው ሽማግሌ ቫሌንቲ እሁድ ከሰዓት በኋላ በምርምር ጣቢያው የትንፋሽ መለኪያ ክፍል ውስጥ፣ በወይፈኑ እግር ሥር ሞቶ ተገኘ። ወይፈኑ አምስት ቀን ሳይበላ ይዘጋበታል፤ ሰውነቱ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያቃጥል ከትንፋሹ ይለካል። ሽማግሌው አንጀቱ አልችል ብሎ ድርቆሽ ይዞለት ቢገባ ግንባሩን ተረገጠ። በሩ ግን ከውጭ ተቀርቅሯል።

ፖሊሱ ሻምበል ሴቬሪን ብዙ አላሰበም። ቅዳሜ ዕለት የጽዳት ሠራተኛዋ ጌኖቬፋ ቫሌንቲን፣ «አንተ ሰካራም፣ በገዛ እጄ ነው የምቀብርህ!» ስትለው መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ሰኞ ጠዋት በሰው ፊት «ነፍሰ ገዳይ» ብሎ በካቴና ወሰዳት።

ማክሰኞ ሐኪሙ መጣ። ሟቹ ረፋድ ላይ ተረግጦ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር፤ ቶሎ ቢያወጡት ይተርፍ ነበር አለ። ያን ረፋድ ደግሞ ጌኖቬፋ መንደሩ ሁሉ እያያት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄኔ ነው! ሻምበሉ ወደ እስር ክፍሉ ወረደ።

«እትዬ ጌኖቬፋ...»

«አሁን ደግሞ እትዬ ሆንኩ?»

«እርስዎ ካልቀረቀሩት ማን ቀረቀረው?»

«እኔ ምን አውቄ! ወረቀቱን ጠይቀው። ክፍሉን ሃያ ዓመት አጥቤዋለሁ፤ እዚያ ውስጥ የተነፈሰ ሁሉ በመሣሪያው መርፌ ይጻፋል። ወይፈን ላይ ሰው ሲጨመር መርፌው ይዘላል።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

ሴቬሪን እስከ ጆሮው ቀላ። እውነቷን ነው፤ ስሟን እንኳ የጠየቀው ሌላ ሰው ነበር።

የእሁድ ተረኛ ወጣቱ ተመራማሪ ኦልጊየርድ ልኬቱን በእጁ የሚገለብጥበትን ደብተር ዘረጋለት። ቁጥሮቹ ከጠዋት እስከ ማታ ፍንክች አላሉም።

«በሩ ከመቀመጫዎ ይታያል?»

«በጭራሽ። በሕንፃው ጀርባ ነው።»

«መርፌው የሚጽፍበት ጥቅል ወረቀትስ? ቀደዱት?»

«ልኬት ይቀደዳል እንዴ?» አለ ኦልጊየርድ ተቆጥቶ። ወዲያው ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በመለኪያው ክፍል ተሰበሰቡ፤ የጣቢያው ኃላፊ ፕሮፌሰር ደምቢንስኪ፣ ኦልጊየርድና ካቴናዋ የተፈታላት ጌኖቬፋ። ሴቬሪን ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«አራት ሰዓት ላይ መስመሩ ዝቅ አለ። ለምን?»

«በር ተከፍቶ አየር ገብቶ ነዋ» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ቫሌንቲ ገባ፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው። ከሰባት ደቂቃ በኋላ መስመሩ ከበፊቱ በላይ ወጣ። በሩ ተዘግቷል፤ ውስጥ የሚተነፍሱት ሁለት ናቸው። እስከ ስድስት ሰዓት ሁለት ናቸው። ከዚያ አንድ። ደብተሩ ላይ ግን ይህ ሁሉ የለም።» ሻምበሉ ቀና አለ። «በጀርባ ያለ በር መከፈቱን መርፌውን ከሚያይ ሰው ሌላ ማን ሊያውቅ ይችላል? ይህችን የእርሳስ ጽሑፍስ ያንብቡልኝ።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አስጠጉ። «"በር ተዘጋ፣ 4:07።" ክፍሉን የነካ ሁሉ እዚያው ምልክት ማድረግ አለበት፤ ደንባችን ነው። ይህ... ይህ የኦልጊየርድ እጅ ነው።»

«አዎ። ሲደነግጥም እጁ ደንቡን አልረሳም።»

ኦልጊየርድ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «በሩን ልዘጋ ስሄድ በመስኮቱ አየሁት። እንደ ልማዱ ጠጥቶ የተኛ መሰለኝ። የሦስት ወይፈን ልኬት ተበላሽቶብናል፤ ይሄኛው ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። የሰባት ደቂቃው ጉድለት ይታረማል፣ የሰውየው ትንፋሽም ይቀነሳል፤ እሱን ተሸክሜ ባወጣ ግን ቀኑ ሁሉ ይጠፋል አልኩ። ስድስት ሰዓት ላይ መስመሩ ሲወርድ ገባኝ። ቁጭ ብዬ ሲወርድ አየሁት።»

ሴቬሪን ወደ ጌኖቬፋ ዞረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አዋረድኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔስ?» አለች እያለቀሰች። «እቀብርሃለሁ ያለ አፌን ምን ላድርገው?»

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱ ላይ እንዳጎነበሱ ነበሩ። ጣታቸው መስመሩን ተከትሎ አራት ሰዓት ላይ ቆመ።

«እስከዚህ ድረስ ያለው ልኬት... ይሠራል አይደል?»

ያሉትን ራሳቸው የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። ፕሮፌሰሩ እስከ ራሰ በራቸው ድረስ ቀሉ።

«ይሠራል፣ ፕሮፌሰር» አለ ኦልጊየርድ፣ እጁን ለካቴናው እየዘረጋ።