ከነቆርቆሮው የተተከለ አበባ

ያኔ ሰፈሩ ውስጥ አንድም ዛፍ አልነበረም ቢባል የዛሬ ጎረምሳ አያምንም። ፀጉር ሠሪዋ ግን ታስታውሳለች። አሁን የደንበኞቿን ሽበት ስትቀባ የራሷም ብቅ ብቅ ብሏል። ከሱቋ መስኮት አሻግራ የአትክልት ቦታውን ባየች ቁጥር ያ ዘመን ይመጣባትና ብቻዋን ፈገግ ትላለች።

ቦታው የቆሻሻ መጣያ ነበር። ልጆች የጠርሙስ ስብርባሪ እየዘለሉ ኳስ ይጫወቱበታል። ነዋሪዎች ራሳቸው ለሚያለሙት አረንጓዴ ቦታ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት እንዳለ የሰማች ቀን፣ ወገቧን ታጥቃ ተነሳች። «እኔ አለሁ፣ ቃሌ ነው!» እያለች ቤት ለቤት ዞረች። ድርጅቱ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ጀምራችሁ አሳዩን፣ ውሃውንና አጥሩን እኛ እንችላለን።

ቆሻሻው ተጠረገ፣ ችግኙ ተተከለ። የድርጅቱ ገምጋሚ ሊመጣ ሲል ግን ችግኙ በውሃ ጥም ደርቆ አረፈው። ምን ይደረግ? ሴቶቹ ተመካከሩና በየበረንዳቸው በቆርቆሮ ያሳደጉትን አበባ ሁሉ አምጥተው፣ ከነቆርቆሮው መሬት ውስጥ ቀበሩት። ያ የቆሻሻ ቦታ በአንድ ጀንበር ገነት መሰለ።

ገምጋሚው መጣ። ረጅም፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ዓይነ አፋር ሰው ነው።

«አስተባባሪዋ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ... እኔ ነኝ» አለች። ዓይኖቹን ስታይ የተለማመደችው ንግግር ድራሹ ጠፋ።

እሱም ጎንበስ ብሎ አንዷን ጽጌረዳ ሳብ አደረጋት። ጽጌረዳዋ ከነቆርቆሮዋ እጁ ላይ ቀረች! ቆርቆሮው ላይ ቀይ የቲማቲም ሥዕል አለ።

ገምጋሚው ቆርቆሮውን ወደ እሷ አዞረው።

«ይሄ ምንድነው?»

«የ... የቲማቲም ዘር ነው» አለች፣ አፏ እንዳመጣላት።

ገምጋሚው ከልቡ ሳቀ። እሷም ሳታስበው አብራው ሳቀች። እውነቱን ለመናገር የወደደችው ያኔ ነው፤ ሲስቅ ያ የተቆለፈ ሸሚዝ ሁሉ የሌላ ሰው ይመስላል።

ስትሸኘው ጠጋ ብላ፣ «እንግዲህ አይተው እንዳላዩ ይሁኑልን» አለችው።

ሳቁ ጠፋ። «እሱን አልችልም። ያየሁትን ነው የምናገረው። ይቅርታ...»

«ታዲያ ምን አሳቀህ?» ብላ ጮኸችበት። «እኔ ደግሞ ሰው መስለኸኝ!»

ገንዘቡ ቀረ። ሰፈሩ ፊቱን አዞረባት። የዘወትር ደንበኞቿ እንኳን በሱቋ በር ሲያልፉ ስልክ የሚያወሩ ይመስላሉ። ቂም ይሁን እፍረት፣ የተቀበረ አበባውን ሊወስድ የወጣ ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገምጋሚው አካፋ ይዞ ብቅ አለ። እጅጌውን ሰብስቦ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አወጣና በየበሩ ማንኳኳት ጀመረ። «ይቅርታ እናቴ፣ አበባዎን ላድርስ ብዬ ነው...» አንዳንዱ ተቀበለው፣ አንዳንዱ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋው።

በመጨረሻ የፀጉር ሠሪዋ ቤት ደረሰ። የከፈቱለት እናቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ ሲወለድ በእጃቸው ተቀብለዋል።

«አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?»

«ገንዘቡን ያስቀረሁባችሁ ነኝ።»

«እሱንማ አወቅሁ። የኔን አበባ ለምን ነቀልከው? በል መልሰህ ትከልልኝ። ደግሞ ቆርቆሮውን ጣልልኝ፣ ሥር ይስደድበት።»

ራሳቸው ከኋላው ተከትለው ወጡ። ጎረቤቱ ይህን ሲያይ ዝም ማለት አቃተው። አንዷ ቆርቆሮዋን ታቅፋ መጣች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ በሩን የዘጋው ሰውዬ ሳይቀር። ፀጉር ሠሪዋ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ባልዲ ይዛ ወጣች።

«ቀስ ብለህ አፍስሰው፣ ሥሩን ታጥበዋለህ» አለችው። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ይመጣ ጀመር።

እነዚያ ቅዳሜዎች! ውሃ በጀሪካን ሲያመላልሱ፣ ጭቃ ሲቀባቡ፣ በማይረባ ነገር ሲሳሳቁ... «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆነ። ስለ ፍቅር ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። እሷ እሱን ትጠብቃለች፣ እሱ ቃል ይፈልጋል፣ አመቱ ዞረ።

ሰፈሩ በድጋሚ አመለከተ። የሚገርመው፣ ማመልከቻው ከገባ በኋላ እሱ ደብዛው ጠፋ። ለግምገማ የመጣችው ሌላ ሴትዮ ናት።

«የበፊቱ ገምጋሚስ?» አለቻት ፀጉር ሠሪዋ፣ ግድ የሌላት መስላ።

«እዚህ ሰፈር አልሄድም ብሎ እኮ ነው።»

ልቧ ቁርጥ አለ። ገንዘቡ ተፈቀደ ሲባል ሰፈሩ ጮቤ ረገጠ፣ እሷም አብራ ጨፈረች፤ ደስታዋ ግን ጎዶሎ ነበር። ቃሏን ጠብቃለች፣ ልጆቹ መጫወቻ ቦታ አግኝተዋል... ያ ሰው ግን የለም።

አመሻሹ ላይ ሱቋን ስትጠርግ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ዘግተናል።»

«እንኳን ደስ አለሽ ልልሽ ነው።»

«አልሄድም ብለሃል አሉ። አፈርክብን?»

«ኧረ በፍጹም! መሥሪያ ቤታችን ሕግ አለው። ዘመድ ያለበትን ሰፈር መገምገም አይቻልም፤ ውሳኔው እስኪያልቅ ድረስም ዝር ማለት ክልክል ነው። እኔ ደግሞ... እዚያ ሰፈር ዘመድ አለኝ ብዬ ተናገርኩ።»

መጥረጊያዋ ቆመ። «አንተ? እዚህ? ማን ነው ዘመድህ?»

እንደ ልጅ አቀረቀረ። «እሱን አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው የመጣሁት። ከሌለኝ ነገ ጠዋት ገብቼ ተሳስቼ ነው እላለሁ።»

ፀጉር ሠሪዋ ሽርጧን ፈታች፣ ሱቁን ቆለፈች፣ እጁን ይዛ እየጎተተች መንገዱን ተሻገረች። ቤታቸው በር ላይ ስትደርስ ተጣራች።

«እማዬ! አንድ ሳህን ጨምሪ፤ ዘመዳችን መጥቷል!»