በፍትሐት ላይ የጠፋው ስም

ትርሲት ግቢውን ልትጠርግ መጥረጊያዋን ይዛ ስትወጣ የግቢውን ተከራይ ኢዛናን ሲሚንቶው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ሞቶ አገኘችው። በሙቀቱ ወራት ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 1 ሠፈር ውስጥ ፍራሹን ጣሪያ ላይ አውጥቶ የማይተኛ ስለሌለ፣ ጎረቤቱ በመጀመሪያ በእንቅልፍ ልቡ ተንከባሎ ነው የወደቀው አለ። ቀትር ላይ ግን ወሬው ተገለበጠ። የሟቹ ስልክ ከትርሲት ፍራሽ ሥር ተገኘ። ኢዛና በኢንተርኔት ቁማር ያሸነፈው ገንዘብም ገና ሳይነጋ ከሂሳቡ ወጥቶ፣ በትርሲት ስም ወደተመዘገበ ስልክ ተልኮ ነበር። ከዚህ በኋላ ማን ይመራመራል? የቤት ሠራተኛ ናት፣ አገሯ አይደለም፣ ጠበቃ የላትም። አስረው ወሰዷት።

መርማሪ ሩቅያ በማግስቱ ጉዳዩ ውስጥ የገባችው አማርኛ ስለምትችል ብቻ ነው። እናቷ የድሬዳዋ ሴት ነበረች። አለቃዋ ሙሚን መዝገቡን በልቡ ዘግቶት ስለነበር፣ ልጅቷ የምትለውን እንድትተረጉምለት አዘዛት፤ ነገ ከሰዓት በኋላም ልጅቷን ወደ ጋቦዴ እስር ቤት እንደሚልካት ነገራት። ባልደረቦቿ «ሩቅያ ሰው የምትወደው ከሞተ በኋላ ነው፤ ያኔ አይዋሽማ» እያሉ ያሟታል። እሷም ሰምታ አስተባብላ አታውቅም። ከሰው ሁሉ አብልጣ የምትጠላው ግን ቶሎ የሚዘጋ መዝገብ ነው።

ትርሲት ጣቢያው ውስጥ አንድ ጥግ ላይ ተኮራምታ ነበር።

«የመኖሪያ ካርድሽን ለማን ሰጠሽ?» አለቻት ሩቅያ ገና ሳትቀመጥ።

«ለማንም አልሰጠሁም።»

«ውሸት። በካርድሽ ሁለት የስልክ ቁጥር ወጥቷል። አንዱ ገንዘቡ የገባበት ነው። ሌላውስ?»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ሌላው የራሷ ነው። አሠሪዋ ወይዘሮ አበዛሽ ስልክ እንድትይዝ አይፈቅዱላትም፤ ስለዚህ እንደመጣች ሰሞን ካርዷን ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው ለሚኖሩት ለኢዛናና ለጓደኛው ለደስታው በድብቅ ሰጠች። እነሱም ሲም አውጥተው ከነካርዱ መለሱላት። ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ አበዛሽ «ይጠፋብሻል» ብለው ካርዱን ወሰዱና ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት።

«እናቴን ለማናገር ነው» አለች ትርሲት። «እትዬ ከሰሙ ያባርሩኛል።»

«አሁን ያስፈራሽ መባረሩ ነው? ጋቦዴ ሊከቱሽ ነው እኮ!»

ሩቅያ ከጣቢያው ወጥታ በሚኒባስ ቡላኦስ ሠፈር ወረደች። ሁለቱም ሲሞች የወጡት ከይረዲን ከሚባል ስልክ ሻጭ ሱቅ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ልጅቷ ራሷ መጥታ ፈርማለች አለ። ሩቅያ የቤት ሠራተኛ በሥራ ቀን ከካርቲየ 1 እስከ ቡላኦስ ለሽርሽር እንደማትመጣ ነግራው ሱቁን ከጣሪያ እስከ ወለል ማየት ስትጀምር ላብ ላብ አለው። ባለቤቱ በሌለበት ሲም ማውጣት ሱቅ ያዘጋል። በመጨረሻ ካርዱን ይዘው የመጡት ሁለቱ ወጣቶች እንደሆኑ፣ ሁለተኛውን ሲም የጠየቀው የትኛው እንደነበር ግን እንደማያስታውስ ተናገረ።

«ብቻ ያን ጊዜ እንደ ባልና ሚስት ነበሩ» አለ። «ቁማሩንም በአንድ ሂሳብ ነበር የሚጫወቱት። በኋላ ደስታው ኢዛና ሳያውቅ አስይዞ አስበላ። ኢዛናም የይለፍ ቃሉን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ነው የሚመጣው። እኔን እንኳ ስልኩን ሲነካካ ዞር በል ይለኝ ነበር።»

«ይህን ለፖሊስ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞስ እኔን ከሰው ጠብ ምን አገባኝ?»

ወደ ቢሮ ስትመለስ የአቋማሪው ድርጅት መልስ ደርሶ ነበር። በዚያ ንጋት አንድ ሰው የይለፍ ቃሉ ጠፋኝ ብሎ፣ ሂሳቡ የሚጠይቀውን የምስጢር ጥያቄ በመጀመሪያው ሙከራ በትክክል መልሶ ነው የገባው። ጥያቄው «የክርስትና ስምዎ ማነው?» የሚል ነው። ሙሚን በፈረንሳይኛ የመጣለትን ትርጉም አንብቦ፣ ክርስቲያኑ ኢዛና ይባላል፣ ይህን ደግሞ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል ብሎ አልፎታል። ሩቅያ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር በአንድ ግቢ ያደገች ናት። ወረቀቱን ይዛ ቀጥታ ወደ ቀብሩ ሄደች።

እዚያ ነገሩን በዓይኗ አየችው። በቅርቡ የተሾሙት ቄስ ፍትሐቱን ሊጀምሩ ሲሉ ቆም ብለው የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ወይዘሮ አበዛሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ የነበረው ደስታው መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። በዚያ ፀሐይ ሬሳው ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ ወይዘሮ አበዛሽ አዋሽ ያሉትን እናቱን ወይዘሮ ፍቅርአዲስን በስልክ ጠይቀው ስሙን ለቄሱ ነገሩ። ያን ስም እዚህ አንደግመውም፤ ከሚገባው በላይ ሰው ሰምቶታል።

ማታ ድንኳኑ ውስጥ ሩቅያ ከወይዘሮ አበዛሽ አጠገብ ተቀመጠች። ሴትየዋ አባታቸው ባቡሩ ላይ ይሠሩ በነበረበት ዘመን እዚሁ የተወለዱ፣ ቤት አከራይተው የሚኖሩ፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። ስለ ትርሲት ሲናገሩ ስሟን እንኳ መጥራት ጠልተው «ያቺ» ነው የሚሏት።

«የክርስትና ስሙን ተከራይዎ ሆኖ ሳለ አያውቁም?»

«አይጠየቅማ፣ ልጄ። መተተኛ በስሙ ይሠራበታል። ቤተሰቡና ነፍስ አባቱ ካወቁት ይበቃል።»

«ደስታውስ እንዴት ነው?»

«ወርቅ ልጅ ነው። አምና ኢዛናን ወባ ጥሎት ራሱን ሲስት ጠበሉን ያመጣለት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ጸሎት ያስያዘለት እሱ ነው። ያቺ ግን አንድ ቀን…»

ሩቅያ የቀረውን አልሰማችውም። ተነሥታ ደስታውን ከድንኳኑ ውጭ አነጋገረችው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሐዘኑም የውሸት አይመስልም። ከኢዛና ጋር በይለፍ ቃሉ ተጣልተው እንደነበር አልካደም። ስለ ክርስትና ስሙ ስትጠይቀው ግን ትከሻውን ነቀነቀ።

«እኛ የኳስና የጨዋታ ጓደኞች ነን። የክርስትና ስም ማን ይጠያየቃል? ይልቅ ሠራተኛዋን ይጠይቋት።»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» አለች ሩቅያ ለራሷ፣ ከዚያ ታክሲ ውስጥ ገብታ አዋሽ ወዳሉት ወደ ኢዛና እናት ደወለች።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም በወይዘሮ አበዛሽ ሳሎን ተሰበሰቡ። ሙሚን ሰዓቱን እያየ በሩ ላይ ቆሟል። ወደ ጋቦዴ የሚሄደው መኪና ውጭ እየጠበቀ ነው። ትርሲት እጇ እንደታሰረ ወለሉ ላይ ልትቀመጥ ስትል ሩቅያ በግድ ወንበር አስያዘቻት። ወይዘሮ አበዛሽ ፊታቸውን አዞሩ። ከይረዲን ስለ ሱቁ እየሰጋ ከደስታው ጎን ተቀመጠ። ሩቅያ ስልኳን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ገዳዩ ሦስት ነገር ያስፈልገው ነበር» ብላ ጀመረች፤ በየመሐሉም ለሙሚን በሶማልኛ ትመልስለታለች። «የመጀመሪያው በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም ነው። የትርሲትን ካርድ በእጃቸው ያስገቡ ሦስት ናቸው፤ ኢዛና፣ ደስታውና እርስዎ፣ ወይዘሮ አበዛሽ።»

«እኔን? በገዛ ቤቴ?»

«በገዛ ቤትዎ። የሰው ካርድ ቆልፎ የሚያስቀምጥ ሰው ይጠረጠራል። ሁለተኛው ስልኩ ነው። ኢዛና ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው፤ ስለዚህ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የሚወስድ ሰው ያስፈልጋል። ይህንንም ማንም የግቢው ሰው ሊያደርገው ይችላል። ሦስተኛው ግን እንደዚያ አይደለም።»

ጥያቄውን አነበበችላቸው። ወይዘሮ አበዛሽ እጃቸውን ወደ አፋቸው ሰደዱ። ሙሚን የክርስትና ስም ሌላ ስም መሆኑን ሲረዳ ፊቱ ሲለዋወጥ ሩቅያ አየች፤ ደስ አላት፤ ደስታዋንም አልደበቀችም።

«ኢዛና ይህን ጥያቄ የመረጠው ጅቡቲ ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም ብሎ ነው። በቀብሩም ዕለት የሚያውቅ አልተገኘም። ሬሳ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ቄስ ቆሞ፣ ሁሉም አላውቅም አለ። ከዚያ ቀን በፊት ግን አንድ ሰው ያን ስም አንድም ሳይሳሳት ጽፎታል። ስለዚህ ያን ዕለት አንድ ሰው እያወቀ ዝም ብሏል። ወዳጅ የወዳጁን ስም ደብቆ ያለ ፍትሐት ሊያስቀብረው የደረሰው ምን ቢፈራ ነው?»

ሩቅያ ወደ ወይዘሮ አበዛሽ ተጠጋች።

«እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ወይዘሮ አበዛሽ ያርሙኝ። ለታመመ ሰው ጸሎት ሲያስይዙ ለቄሱ የሚነግሩት ኢዛና የሚለውን ነው?»

«የክርስትና ስሙን ነው እንጂ» አሉ ወይዘሮ አበዛሽ፤ ከዚያ ያሉትን ራሳቸው ሰምተው ቀስ ብለው ወደ ደስታው ዞሩ።

ደስታው ብድግ አለ። «ኢዛና ራሱ ነው በወረቀት ጽፎ የሰጠኝ! አጣጥፌ ለቀድሞው ቄስ ሰጠሁ። አላየሁትም።»

ጠረጴዛው ላይ ካለው ስልክ የአሮጊት ድምፅ ወጣ።

«ልጄ ያን ጊዜ ራሱን ስቶ አልነበረም እንዴ፣ ደስታው? እኔ ነኝ የነገርኩህ። እንዳትረሳው ብዬህ ደግመህ አልክልኝ። አዎ፣ እንደሱ ነው አልኩህ።»

ደስታው መልሶ ተቀመጠ። ከይረዲን ይህን ጊዜ ነው ያስታወሰው፤ ሁለተኛውን ሲም የጠየቀው ደስታው ነበር። ሩቅያ ዘግይቶ የመጣ ትዝታ እንደማታመሰግን ነገረችው።

«ጨዋታውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለ ደስታው ማንንም ሳያይ። «የኔም ገንዘብ ነበረበት። እንደ ሌባ ዘጋብኝ። ስልኩን ብቻ ወስጄ ልወርድ ነበር፣ ነቃብኝ። ያዘኝ። ገፋሁት።»

«ስልኩንስ ፍራሿ ሥር ማን አስገባው?»

ትርሲት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ደስታውን አየችው፤ ሲም ላውጣልሽ ብሎ የእናቷን ድምፅ ያሰማት ሰው ነው። ሙሚን ከእጇ ላይ ሰንሰለቱን ፈትቶ በደስታው እጅ አሰረው። ውጭ የቆመው መኪና ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ።

ስልኩ ገና አልተዘጋም ነበር።

«ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ እንግዲህ» አሉ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ።

ሩቅያ ስልኩን አንስታ ድምፁን ቀነሰችና ጆሮዋ ላይ አደረገች። «ለጸሎት ነው የሰጡት፣ እናቴ» አለች። ሴትየዋ እስኪበቃቸው ሲያለቅሱ ቆማ ሰማች።

ስትጨርስ ወደ ወይዘሮ አበዛሽ ዞረች። «ስማችሁን ከመተተኛ ትደብቃላችሁ፤ የሰውን ካርድ ግን እንደ ቆሎ ትዘግናላችሁ። አምጡት።»

ሴትየዋ ቁም ሳጥናቸውን ከፍተው ካርዱን አመጡና ለትርሲት ወረወሩላት። ትርሲት አንስታ አየችው፣ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው።

«አየሽው አይደል? በይ አሁን መልሺና ማድ ቤት ግቢ» አሉ ወይዘሮ አበዛሽ። «እኔ ጋ ይቀመጥ። አንቺ ዘንድ ምን እንዳመጣ አይተሻል።»

ትርሲት ካርዱን ጡት መያዣዋ ውስጥ ሸጎጠችው። «ከኔ ጋር ይሁን፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ከቤቴ ውጪልኝ።»

ልጅቷ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። ማደሪያ እንዳላት የጠየቃት የለም፤ ሩቅያም አልጠየቀቻትም። ታክሲ አስቁማ ገባችና በሩን ሳትዘጋው ጠበቀቻት።