ከእጁ ያልወለቀ ሰዓት

አናጢው በሥራ ቤቱ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በመዶሻ ተመቷል። የግራ እጁ ሰዓት ግን አሁንም ይሠራል።

አማቱ፣ ከመኖሪያውና ከሥራ ቤቱ አንድ ግድግዳ በሚለያት ቤቷ ውስጥ፣ የስምንት ወር የልጅ ልጇን ታቅፋ ትንቆራጠጣለች። ሕፃኑ ከተኛ ቆይቷል፤ እሷ ግን ማወዛወዙን አልተወችም። የሟች ሚስት የሆነችውን ልጇን ፖሊሶች ገዳይ ናት ብለው ሊወስዱባት ነው። የሟች ታላቅ ወንድም አፉን ሞልቶ መስክሯል።

«ዛሬ የኤሌክትሪክ መጋዙን አልነካሁም፤ ግቢ ውስጥ ጣውላ ስደረድር ነው የዋልኩት። ወንድሜ ሚስቱ ላይ ሲጮህባት ሰማሁ፣ ሲመታትም ሰማሁ። ደሙ ፈልቶ ነበር። ስገባ እሱ ወድቋል፣ እሷ አጠገቡ ቆማለች። መቼም ሰው ናት ጌታዬ፣ ቢመራት ነው።»

መርማሪው ዓይኑ የማያርፍ፣ አጠር ያለ ሰው ነው። ሬሳውን ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና ወደ እናትየዋ ቤት መጣ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለችው፣ ገና ሳይቀመጥ።

«በምን፣ እማማ?»

«በ... በመጥረቢያ።»

«ውሸት አያምርብዎትም። ይልቅ የሰሙትን ይንገሩኝ።»

«ልጄ ጠዋት ልብስ ልታጥብ እኔ ጋ መጣች። በግድግዳው በኩል መጋዙ ሲያጓራ ነበር። ጸጥ ሲል ምሳውን ይዛለት ሄደች። ወዲያው ስትጮህ ሰማሁ፤ እሷን ብቻ።»

«እሱስ?»

«እሱማ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ግን የእናት ምስክርነት ማን ይሰማል?»

መርማሪው ጥግ ላይ ወንበር ይዛ ወደተቀመጠችው የሟች ሚስት ዞረ። ቤቱ ይወብቃል። ሰዓቱን ከእጁ አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ይኼኔ ሴቲቱ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ ፊቷን በክንዷ ከለለች። «አለቀልኝ፤ ራሷን አጋለጠች» አለች እናት በሆዷ።

መርማሪው ሰዓቱን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።

«ይቅርታ፣ እህቴ። ባልሽ ሲናደድ ምን ያደርግ ነበር?»

«ዝም ይላል። መስኮቱን ይዘጋል። ከዚያ ሰዓቱን ያወልቃል፣ መስታወቱ እንዳይሰበርበት። እጁ አይንቀጠቀጥም። እሱ እየረጋ ሲሄድ የእኔ ልብ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል።»

ከሰዓት በኋላ እናትን፣ ልጇንና የሟችን ወንድም ሥራ ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። እናት ሕፃኑን እንዳቀፈች ከአንድ እግሯ ወደ ሌላው እየተደገፈች ታወዛውዘዋለች።

«ከሰጋቱራው ልጀምር» አለ መርማሪው። «ወለሉ ላይ ቢሆን አይገርመኝም ነበር። ግን የሟች ጀርባ ላይ፣ ከደሙ በላይ፣ እንደ ዱቄት ተነስንሷል። ሰውየው ከወደቀ በኋላ መጋዙ ሠርቷል ማለት ነው። በዚህ መጋዝ የሚሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሞቷል፣ ሌላው አልነካሁም ብሏል።»

ወንድምዬው ፈገግ አለ። «ቁልፍ መጫን ምን ጥበብ አለው? እሷስ ብትሆን?»

«እሷ ያን ጊዜ እናቷ ጋ ነበረች።»

«እናቷማ ምን ትበል!»

«ደግ፤ እሳቸውን እንተዋቸው። ያንተን እንያዝ። ወንድምህ እየጮኸ ሲመታት ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ሰዓቱን እንዳሰረ?»

ወንድምዬው አልገባውም።

«አየህ፣ ሰዎች ወንድምህን የሚያውቁት በር ላይ ሲስቅ ነው፤ ሲቆጣ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሲቆጣ አይጮህም፣ ይቀዘቅዛል። ሰዓቱን ሳያወልቅም እጁን አንሥቶባት አያውቅም። ዛሬ ሰዓቱ እጁ ላይ ነው። ጠቡን አንተ ፈጠርከው። ከኋላው መታኸው፤ በሕይወት ያለ እንዲመስላቸው መጋዙን አስነሣህ። ከዚያ አጥፍተህ፣ ምሳ ይዛ እስክትመጣ ግቢ ውስጥ ጠበቅህ።»

ወንድምዬው ጣውላው ላይ ቁጭ አለ። «የአባታችንን ሥራ ቤት ሊሸጥብኝ ነበር። ከልጅነቴ የቆምኩበትን» አለ። ቀጥሎም፣ «ሚስቱን የሚመታ ሰው መቼም ይጮሃል ብዬ ነው» አለ።

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ እናት ወደ ልጇ ተጠጋች።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ? አንድ ግድግዳ ነው እኮ የሚለየን።»

«ነግሬሽ ነበር፣ እማዬ። ሲናደድ ዝም ይላል አልኩሽ። ‹የታደልሽ› አልሽኝ።»

እናት ሕፃኑን ማወዛወዟን ያቆመችው ያን ጊዜ ነው።