የላላው የጊታር ክር

ጊታር ተጫዋቹ የሺዋስ ከመድረኩ ኋላ በግንባሩ ተደፍቷል። ቀጭን የጊታር ሽቦ አንገቱን በልቶ ገብቷል፤ ደሙ ከበሮው ሥር ድረስ ወርዶ ረግቷል። ምክትል ኢንስፔክተር ዓለምዬ ወደ አዳራሹ ስትገባ፣ ከአስከሬኑ አጠገብ ሁለት ጎልማሶች ተናንቀው አገኘች። ከበሮ መቺው ላቀው የኦርጋን ተጫዋቹን ድረስን ግድግዳ ላይ አጣብቆ በቡጢ ይነርተዋል።

«አንተ ነህ የገደልከው! ትናንት እገድልሃለሁ ስትለው ሰምቻለሁ!»

«አልለማመድም ብሎ ቢያናድደኝ ነው!» አለ ድረስ ደም እየተፋ።

ዓለምዬ በፖሊሶች አስገላገለቻቸው። መስከረም 2000 ዓ.ም. ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተበተነው «የብራ መብረቅ» የሙዚቃ ባንድ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደባርቅ ላይ ዳግም ሊጫወት ቀጠሮ ይዟል። የባንዱን የሃያ ደቂቃ ሮክ በካሴት እየሰሙ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ከዳባትና ከመካነ ብርሃን በጭነት መኪና መጥተው ደጁን ሞልተውታል። ሞቱን ገና አልሰሙም።

አስከሬኑን ያገኘው የዝግጅቱ አስተባባሪ መምህር ኪዳነ ማርያም ነው። በእጆቹ የሱፍ ጓንት አጥልቋል።

«በሕይወት ሳለ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?» አለችው ዓለምዬ።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። በሩ ላይ ቆሜ ያን የሃያ ደቂቃ ሥራ ከዳር እስከ ዳር ሲለማመድ አዳመጥኩ። እንባዬ መጣ። አራት ሰዓት ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

ዓለምዬ በሟቹ አጠገብ ወደነበረው ጊታር ሄደች። የጊታሩን ቦርሳ ከፈተች፤ ክሮቹ ሁሉ ላልተዋል። ላቀውን ጠራችው።

«ይህ ምን ማለት ነው?»

«ለመንገድ ነው። የሺዋስ ሩቅ ሲሄድ ክሩን ያላላል፣ የጊታሩ አንገት እንዳይጣመም።»

ጎንበስ ብላ የሟቹን እጅ ከካፖርቱ ኪስ አወጣች። አገላብጣ አየችው። ከዚያ ላቀውን፣ ድረስንና መምህሩን ሰበሰበቻቸው።

«የሺዋስ ትናንት ያልተለማመደው በትዕቢት አይደለም፤ ጣቶቹን እዩ።» የጣቶቹ አንጓዎች በቁርጥማት አብጠው፣ እርስ በርስ ተጣመው ደርቀዋል። «ሐፍረት ይዞት ደብቋቸዋል። ዛሬም ክሩን አላልቶ ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። እነዚህ ጣቶች ሃያ ደቂቃ ቀርቶ አንድ ደቂቃ አይጫወቱም። መምህር፣ ታዲያ እርስዎ ያዳመጡት ማንን ነው?»

ኪዳነ ማርያም እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ።

«እንዲህ ያለ ሽቦ በኃይል የሳበ ሰው መዳፉ ላይ ሰንበር ይወጣል። ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ሲማቱ አይቻለሁ፤ መዳፋቸው ደህና ነው። ጓንትዎን ያውልቁ።»

አላወለቀም። አንድ ፖሊስ ሳበለት፤ በሁለቱም መዳፎች ላይ ቀይ ሰንበር ተጋድሟል።

«ልሂድ አለኝ» አለ ኪዳነ ማርያም። «‹ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ፤ ሕዝቡን ይቅርታ ጠይቅልኝ› አለኝ። እጁን ከኪሱ አላወጣም። የናቀን መሰለኝ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅነውን...» ዓይኑን ከእነዚያ ጣቶች ላይ መንቀል አቃተው። «እውነቱን ነበር?»

ላቀው ተንበርክኮ የጓደኛውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

ዓለምዬ እስረኛውን ይዛ በሩን ስታስከፍት፣ ደጅ የነበረው ሕዝብ ባንዱ የወጣ መስሎት በጭብጨባና በእልልታ አካባቢውን አናወጠው።