«ቫይረስ» የተባለው ፎልደር

«ቫይረስ በላው አልኩሽ እኮ፣ አለቀ!» ነቢዩ ይህን ሲል የሚያየው መስኮቱን እንጂ ጓደኛውን መቅደላዊትን አልነበረም።

መቅደላዊት በንዴት የኮምፒውተሩን ቁልፎች ትደበድባለች። የጠፋው ቪዲዮ የአባቷ ነው። አቶ ሸዋንዳኝ ዘመሮ አካባቢ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠሩ የታወቁ ሸማኔ ነበሩ። አምና ከማረፋቸው በፊት የበግ ጠጉር ክራቸውን ይዘው ሲሸምኑ በስልኳ ቀርፃቸው ነበር። ስልኩ ሲሰበርባት የተረፈው ቅጂ ነቢዩ «እዚህ ይቀመጥልሽ» ብሎ መሐል ሜዳ ትምህርት ቤታቸው ኮምፒውተር ላይ የገለበጠላት ብቻ ነው። እሑድ ሙት ዓመታቸው ነው። ዘመሮ ያለችው እናቷ ትናንት በስልክ «ነገ ስትመጪ የአባትሽን ድምፅ ይዘሽልኝ ነይ» ብላታለች።

ስለዚህ በኮምፒውተር ክበባቸው የተማረችውን ይዛ ስክሪፕት ጻፈች፤ ኮምፒውተሩ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ እየገባ ያገኘውን ቪዲዮ ሁሉ እንዲያወጣ የሚያዝ አጭር ጽሑፍ ነው። ስታስነሳው የፊዚክስና የባዮሎጂ ትምህርቶች ተደረደሩ። አባቷ የሉም።

«አየሽ? አታካብጂ በቃ» አለ ነቢዩ።

ስክሪፕቷን እንደገና ስታነብ አንድ መስመር ላይ ቆመች። «ቫይረስ» የሚባለውን ፎልደር ዝለለው ይላል። ራሷ ናት የጻፈችው። የክበቡ ኃላፊ መምህር አፈወርቅ «እሱን የከፈተ ኮምፒውተሩን ጨረሰው» ስለሚሉ ማንም አይነካውም፤ ጌም የሚደብቁ ልጆች ማንም እንዳይከፍተው ብለው ስሙን እንዳወጡለት ተማሪ ሁሉ እያወቀ እንኳ ይፈራዋል። መስመሩን አጠፋችው።

ነቢዩ እጇን ያዘ። «እሱን ተይው! ሁሉም ነገር ይበላሻል!»

«ልቀቀኝ!»

ስክሪፕቱን ደግማ ስታስነሳው ከፎልደሩ ሁለት ቪዲዮ ወጣ። የመጀመሪያውን ከፈተችው። «መቅደላ፣ ይሄን ስልክሽን አኑሪና ክሩን ያዢልኝ! ሥራ ከቶ አይታይሽም?» አሉ አባቷ እየሳቁ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ሁለተኛው ላይም ያው የአባቷ እጅ፣ ያው ባና ነው። ድምፃቸው ግን የለም። በምትኩ ሙዚቃና የነቢዩ ድምፅ ገብቶበታል፦ «ይህን ጥበብ ያስተማረኝ አጎቴ ነው።» ለዞኑ የባህል ፊልም ውድድር ያዘጋጀው ነበር።

«አጎትህ?» ወደ ነቢዩ ዞረች። «አጎትህ ነው ያልከው?»

«መቅዲ፣ ስሚኝ… አልሰረዝኩትም እኮ፣ ደበቅኩት እንጂ። ውድድሩ ሲያልፍ ልመልስልሽ ነበር።»

«ቫይረስ በላው ብዬ ዛሬ ጠዋት ለእናቴ ነግሬያታለሁ! ስልኩን ይዛ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ! አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ሙዚቃ ትመርጣለህ? ቀብሩ ላይ አጠገቤ ቆመህ አልነበር? ታዲያ አሁን አባቴን አጎትህ አደረግካቸው?»

ነቢዩ አንገቱን ደፋ። መቅደላዊት ወደ ስክሪፕቷ ዞራ «ፈልግ» የሚለውን ትእዛዝ ወደ «ሰርዝ» ቀየረችው፤ የነቢዩንም ፊልም ስም ጻፈችበት። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው የቀራት። መጫን ፈለገች፣ አጥብቃ ፈለገች።

መምህር አፈወርቅ በበሩ ብቅ አሉ። «ነቢዩ፣ ፊልምህን ልልከው ነው። ጨርሰሃል?»

መቅደላዊት የጻፈችውን አጠፋች። የአባቷን ቪዲዮ ፍላሽ ላይ ገልብጣ ኪሷ ከተተች።

«ትንሽ ይታገሡን መምህር» አለች። «ነቢዩ የሚነግርዎት ነገር አለው።»

ነቢዩ ቀና ብሎ አያት። የዘመሮው ሚኒባስ የሚወጣበት ሰዓት ደርሷል፤ ነቢዩ እውነቱን ሳይናገር ግን አትሄድም። ወንበሯን ጎትታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችና እጇን ኪሷ ውስጥ ፍላሹ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።