ክብ የሌለበት ትዕዛዝ

ብራይዲ የመጨረሻዋን ኑድልስ ስባ ዋጠችና ማስታወሻ ደብተሯን በመዳፏ መታ አደረገችው።

«በቃ ገባኝ» አለች። «ሦስቱም አንድ ናቸው።»

ክዋን ሹካዋን አስቀመጠች። «ምናቸው ነው አንድ?»

«ሁሉ ነገራቸው! አረንጓዴው ወጥ ጣፋጭ፣ ኑድልሱ ጣፋጭ፣ ግድግዳው ላይ ዝሆን። ስም ብቻ ነው የቀያየሩት። መጥፎ ናቸው አላልኩም እኮ፤ እኔ ሁሉንም ወድጃቸዋለሁ። ግን በክራንቦርን ጥሩ የታይ ምግብ ቤት የቱ ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ‹ለቤትህ የሚቀርበው› ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ክዋን ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ሳቁ አልመጣላትም። ሁለቱም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። መምህራቸው ተማሪውን ሁለት ሁለት አድርጋ ከፋፍላ፣ ስለ ሰፈራችሁ ለእንግዳ የሚጠቅም መመሪያ አዘጋጁ ብላለች። ጥሩ ጥሩዎቹ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ አንድ ወር ሙሉ ይሰቀላሉ። ታይ ቤቶቹን የመረጠችው ብራይዲ ናት። «ኤክስፐርቷ አጠገቤ ተቀምጣ ምን እጨነቃለሁ?» ብላ። ክራንቦርን ከሜልበርን የሚነሣው ባቡር የሚያበቃበት ሰፈር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ከብት ነው። ጥሩ ምግብ የፈለገ ወደ ከተማ ይሂድ ሲባል ክዋን ልጅነቷን ሙሉ ሰምታለች።

«የቀረን የእናትሽ ቤት ብቻ ነው» አለች ብራይዲ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሱን ባንሄድስ? ዝም ብለን አምስት ኮከብ እንስጠው። አንደኛ! ለሌሎቹ ሦስት ሦስት።»

«ሳትቀምሺው?»

«ያው ነው አልኩሽ እኮ። ደግሞ ለእናትሽ ስል ነው። ሰኞ ነው የምናስረክበው፣ ነገ ጠዋት የኔትቦል ጨዋታ አለኝ። ማን ያውቅብናል?»

ክዋን ቶሎ እምቢ አላለችም። ከአውራ ጎዳናው ማዶ አዲሱ የገበያ ማዕከል ከተከፈተ ጀምሮ የእናቷ ቤት ቀዝቅዟል። በሥራ ቀን በመስኮቱ በኩል ያሉት ጠረጴዛዎች ባዷቸውን ይውላሉ፤ እናቷም የተወለወለ ብርጭቆ መልሳ እየወለወለች በሩን ታያለች። በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ አንደኛ መባል ቀላል ነገር አልነበረም።

«ነገ እነግርሻለሁ» አለች።

ሆዷ ውስጥ የቀረው ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ፣ ማሊ የምትባለው ሴት ምግብ ቤት ሲገቡ ክዋን ያዘዘችው በታይ ቋንቋ ነበር። አስተናጋጇ ፈገግ ብላ ሰማቻት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን አየች፣ ቀጥሎ የብራይዲን ጠቃጠቆ አየች፣ ከዚያ ትዕዛዙን ጻፈች። በመጨረሻም እስክሪብቶዋ የወረቀቱ ጥግ ላይ አንዴ ዞር አለ።

ትንሽ ክብ ነበረች። ክዋን ያቺን ክብ በደንብ ታውቃታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሷ ናት የምትስላት።

* * *

በእናቷ ቤት በአዳራሹና በወጥ ቤቱ መካከል አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። የትዕዛዙ ወረቀት በዚያች ያልፋል። ተመጋቢው የታይ ሰው ከሆነ ወረቀቱ ላይ ምልክት የለም። ሌላ ሰው ከሆነ ጥጉ ላይ ክብ ይደረጋል። ትርጉሟ፦ ቃሪያው ይቀነስ፣ ስኳር ይጨመር፣ የሚሸተው የዓሣ ማሰሮ እንዳይነካ። ለክዋን ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት እስክሪብቶውን ሰጧት፤ ክቧም አብራ መጣች። ሌሎቹ ቤቶችም ያንኑ ያደርጋሉ ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምሳው ግርግር አለቀና የቤቱ ሰዎች ለራሳቸው ምሳ በጓሮው በር አጠገብ ተቀመጡ። የቤቱ ሰዎች የሚባሉት ሦስት ናቸው፦ ክዋን፣ እናቷ ሱኒሳ፣ እና ከእናቷ ጋር የምታበስለው አክስቷ ቡዋ። ቡዋ ያልበሰለውን ፓፓያ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር በሸክላው ሙቀጫ ትወቅጣለች። ማሰሮው ተከፍቷል፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል።

«እማ፣ ብራይዲ ታይ ቤት ሁሉ አንድ ነው አለች» አለች ክዋን።

የቡዋ ዘነዘና አየር ላይ ቀረ።

«አንድ?» አለች ሱኒሳ። «እኔና ማሊ? ማሊ እኮ የደቡብ ሰው ናት! የእሷ የዓሣ አንጀት ወጥ ጆሮሽን ነው የሚያስጮኸው፤ እኔ እንኳ ሁለተኛውን ማንኪያ ጸልዬ ነው የምጎርሰው። ባቡር ጣቢያው ጋ ያለው ሰውዬ የሰሜን ሰው ነው፣ ቋሊማውን በገዛ እጁ ይሞላል። እኔ ደግሞ የሰሜን ምሥራቅ፣ የኢሳን ልጅ፣ የሮይ ኤት! ምን አንድ አደረገን?»

«ክቧ» አለች ክዋን።

እናቷ የሚጣበቀውን ሩዝ ከቅርጫቱ ቆንጠር አድርጋ በጣቶቿ ታድቦለቡለው ጀመር።

«ክቧ ናት ያሳደገችሽ» አለች ቆይታ። «ቤቱን የከፈትኩ ሰሞን፣ አንቺን በጀርባዬ አዝዬ፣ እናቴ አገር ቤት አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ትሠራው እንደነበረው ነው የሠራሁት። አንዱ አፍንጫውን ይዞ ተነሣ። የፍሳሽ ቱቦ ፈነዳ ብሎ የሕንፃውን ባለቤት ጠራብኝ!»

«መጥቶ ወለሉን አላስቆፈረም?» አለች ቡዋ፤ ሳቋ እንባ አመጣባት። «በቧንቧ ሠራተኛ! ማሰሮው ላይ ቆሞ ቱቦ ይፈልጋል!»

ሱኒሳም ሳቀች፤ ግን ቀድማ ያቆመችው እሷ ናት። «ከዚያ ወዲህ ማሰሮው ሰው ሲኖር በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው።»

ክዋን አንገቷን ደፋች። እሷም የራሷ ፌስታል አላት። ከወጥ ቤት ወጥታ ሰው ጋ ከመሄዷ በፊት ፀጉሯን ሁለት ጊዜ ትታጠባለች። ብራይዲን ደግሞ ልምጣ ባለች ቁጥር ሁለት ዓመት ሙሉ «ቤቱ እድሳት ላይ ነው» እያለች ሸውዳታለች። ከዚህ ሁሉ እድሳት በኋላ ቤቱ ቤተ መንግሥት መሆን ነበረበት።

«ብራይዲ እናትሽን አንደኛ እናድርጋት፣ አምስት ኮከብ እንስጣት እያለች ነው» አለች። «ሳትቀምስ።»

«ደስ ይላል» አለች ሱኒሳ። ሩዟን ጎረሰች፣ አላመጠች። «ሠላሳ ዓመት ምድጃ ሥር ቆሜ፣ ምግቤን ያልቀመሰ ሰው አንደኛ ሲለኝ…» ቃሉን አልጨረሰችውም። «የትምህርት ቤት ሥራሽ ነው፤ አንቺ ታውቂያለሽ።»

የፊት በሩ ደወል ጮኸ።

«ክዋን? አለሽ እንዴ?» የኔትቦል ቀሚሷ ላይ ጭቃ የተረጨ ብራይዲ ደብተሯን ብብቷ ሥር ይዛ አዳራሹ መሀል ቆማለች። «ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ። በነጥብ ስንት ለስንት እንደረታናቸው… ውይ፣ ምንድነው የሚሸተው?»

ሱኒሳ እንደ ወታደር ብድግ አለች። በአንድ እጇ ማሰሮውን ከደነች፣ በሌላው አየር መሳቢያውን አበራች። በመስኮቷም ብቅ ብላ «እንኳን ደህና መጣሽ የኔ ልጅ! ተቀመጪ፤ ኑድልስ አሁን ይደርሳል» አለች፤ ፌስታሎቹን በእግሯ ከጠረጴዛው ሥር እየሳበች።

እናቷ በሠላሳ ዓመት ሙያዋ ተሸማቅቃ ፌስታል በእግሯ ስትፈልግ ክዋን አየች። ተናደደች። በማን እንደተናደደች ግን ለማወቅ አላቃታትም፤ የትዕዛዙ ወረቀት በገዛ ኪሷ ውስጥ ነበር።

ወረቀቱን አወጣችና ጻፈች። የፓፓያ ሰላጣ። ላፕ። የሚጣበቅ ሩዝ። እስክሪብቶው በልማድ ወደ ጥጉ ሄደ። ለአፍታ እዚያ ቆመ። ከዚያ ክዳኑን ገጠመችለትና ወረቀቱን በመስኮቷ አሳለፈች።

ሱኒሳ ወረቀቱን አየች። ብራይዲን አየች። ልጇን አየች።

«ክቧን ረስተሻል» አለች በታይ ቋንቋ፣ ቀስ ብላ።

«አልረሳሁም፣ እማ።»

ሱኒሳ ከመስኮቷ ራቀች። በኋላ የአየር መሳቢያው ጩኸት ቆመ። ዘነዘናው መውቀጥ ጀመረ።

* * *

ላፑ ቀድሞ መጣ፤ የተከተፈ የዳክዬ ሥጋ ነው፣ ተቆልቶ የተፈጨ ሩዝ፣ ናናና ሎሚ ገብቶበታል። ክዋን ሩዙን እንዴት በእጅ አድቦልቡሎ መጥቀስ እንደሚቻል አሳየቻት። ብራይዲ ጠቀሰች፣ ጎረሰች፣ ጆሮዋ ቀላ። አፏን በእጇ አራገበች። ሳትናገር ሁለተኛ ጠቀሰች፤ ሦስተኛውን እያለቀሰች ጎረሰችው።

«ይሄ ነገር እየገደለኝ ነው» አለች። «አታንሺው!»

ቀጥሎ የፓፓያው ሰላጣ ቀረበ። ብራይዲ አፍንጫዋን ጠጋ አድርጋ መለስ አለች። «የሚሸተው ይሄ ነው?»

የክዋን ፊት ጋለ። «ዓሣ ነው» አለች። «ከጨውና ከሩዝ ጋር አንድ ዓመት የተቀመጠ። እናቴ ናት የምትሠራው፤ እንደ እሷ አድርጎ የሚሠራው ሰው እዚህ አገር አላየሁም።» እንዲህ ብላ ለሰው ተናግራ አታውቅም። ስትለው ደረቷ ሰፋ ያለ መሰላት።

ብራይዲ ቀመሰች። ፊቷ ተጨማደደ። «እ… ይሄን አልወደድኩትም። አዝናለሁ።»

በመስኮቷ በኩል ሳቅ ፈነዳ። «እሰይ! እውነቷን ነው!» አለች ሱኒሳ። «ወደድኩት ብትል ኖሮ ላፑንም አላምናትም ነበር።»

ብራይዲ ሳቀች። ውሃዋን ጨለጠችና ደብተሯን ሳበች። «ይሄ ከሦስቱ ጋር አንድ አይደለም።»

«ሦስቱም አንድ አይደሉም» አለች ክዋን። ስለ ክቧ ነገረቻት፤ በማሊ ቤት ያየችውንም፣ ራሷ ስትስል የኖረችውንም፣ ስለ እድሳቱም ጭምር።

ብራይዲ ሳቋን አቆመች። «ቆይ፣ ማለት እኔን እያያችሁ ምልክት ታደርጋላችሁ? ይሄ አይመቻትም ብላችሁ?»

«አዎ።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«ማንም» አለች ክዋን። «እኔም አልጠየቅኩሽም። ይቅርታ።»

ብራይዲ ትንሽ አኮረፈች። ግን ኩርፊያዋ ከላፑ አልበለጠም፤ ሩዝ አድቦልቡላ ተመለሰችበት። ክዋን ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበችና ኮከቦቹ የተሰመሩበትን ገጽ ቀደደችው። በአዲሱ ገጽ ላይ የአራቱን ቤቶች ስም ጻፈች፤ በእያንዳንዱ ሥር ባዶ ቦታ ተወች።

«በነዚህ ቦታዎች ላይ ወጥ ቤት ያሉት ሰዎች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሳቸው የሚበሉትን እንጽፋለን» አለች። «ነገ ሦስቱንም እንደገና እንዞራለን።»

«ሦስቱንም? በአንድ ቀን? ሆዴን የምቀይረው መሰለሽ?» ብራይዲ ራሷን ያዘች። «እሺ፣ አንደኛዋ ግን እናትሽ ናት አይደል?»

ክዋን ወደ መስኮቷ ዞረች። እናቷ ክንዶቿን ደገፍ አድርጋ ትሰማ ነበር።

«የማሊን ወጥ ሳልቀምስ አላውቅም» አለች ክዋን።

ሱኒሳ ክንዶቿን አነሣች። ከዚያ የትዕዛዝ ወረቀት ገነጠለች፣ በታይ ፊደል ሁለት መስመር ጻፈችና በመስኮቷ አሳለፈችላት። «ይሄን ለማሊ ስጧት። የሮይ ኤቷ ሱኒሳ ናት የላከችን፣ ያንን ወጥ አምጪ በሏት።» አገጯን ቀና አደረገች። «ታምጣው! ከዚያ ተመልሳችሁ የማንኛችን እንደሚበልጥ ፊቴ ቆማችሁ ትነግሩኛላችሁ።»

በአሥራ አንድ ሰዓት በሩ ለራት ሲከፈት እንደ ሁልጊዜው ቀድመው የገቡት ሽማግሌው ኮሊን ነበሩ። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ያው ጥግ፣ ያው ዶሮ በለውዝ። ኮፍያቸውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡ።

«የተለመደውን፣ የኔ ልጅ።»

ክዋን ዶሮ በለውዝ ብላ ጻፈች። እስክሪብቶዋን ወደ ጥጉ ወሰደች፤ መልሳ አነሣችው።

«አጎት ኮሊን» አለች፣ «የተለመደው ይሁን፣ ወይስ እኛ እንደምንበላው?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። በመስኮቷ በኩል የእናቷ እጅ መጥበሻው ላይ ቆመ።

«ሌላም አለ እንዴ?» አሉ።