የተሰረዘው መዳብ

ውሸት ነው የሚለኝ አይጠፋም። ይበል! እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ፓሪስ ነው። ያየሁት በየካቲት ወር፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው። ገና አልመሸም ነበር።

ፊርመን እባላለሁ፤ የሥዕል አታሚ ነኝ። ከእናት ከአባቴ የቀረችኝ አንዲት እህት ብቻ ናት። ዜሊ።

ያን ብርድ ወራት ሙሴ (አቶ እንደማለት ነው) ኩርቶ የሚባል ሠዓሊ ፊቷን ሊሥል በየቀኑ ያስቀምጣት ነበር። አንድ ዝርግ መዳብ ሰም ይቀባል፤ ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይሥልበታል፤ ከዚያ አሲድ ውስጥ ይነክረዋል። አሲዱ የተጫረውን እየበላ መስመሩን ይቆፍራል።

እህቴ ግን... ከቀን ወደ ቀን እየመነመነች መጣች።

«ምን አደረገሽ?» አልኳት።

«ምንም። ዝም ብዬ ነው የምቀመጠው።»

«ታዲያ ምን ያከሳሻል?»

«እንጃ... መርፌው ሰሙን ሲጭረው እኔ ፊቴ ላይ ይሰማኛል።»

«ነገ አትሄጂም። አበቃ!»

«ነገ የመጨረሻዬ ነው» አለችኝ። በማግሥቱ ጠዋት ሄደች።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሙሴ ኩርቶ መዳቡን ታቅፎ ማተሚያ ቤት መጣ።

«እህቴስ?»

«ቤቷ ገባች። አንተ ሥራህን ሥራ።»

ቀለም ቀባሁት፤ ትርፉን በመዳፌ ጠረግሁት።

ይሞቃል...

መዳብ ቀለም ሲቀባ እሳት ላይ እናሞቀዋለን። ያን ቀን ግን እሳቱ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።

እርጥብ ወረቀት አልብሼ በማተሚያው አሳለፍኩት። ዜሊ ወጣች፤ ፊቷና አንገቷ ብቻ። ቁርጥ እሷን! ቀኝ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት ግን ወደ ግራ ዞሯል። ይሄ አልገረመኝም። መዳብ ላይ የተሣለ ነገር ወረቀት ላይ ተገልብጦ ነው የሚወጣው።

የታዘዝኩትን አትሜ አስር ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ።

ዜሊ ሾርባ እየቀዳች ነው። በግራ እጇ።

«ከመቼ ወዲህ ነው ግራኝ የሆንሽው?»

ሾርባውን መቅዳቷን ቀጠለች።

«ዜሊ?»

ቀስ ብላ ዞረች... ፈገግ አለች።

ምልክቱ ግራ ጉንጯ ላይ ነበር።

እጇን ያዝኩት። ልክ እንደ ወረቀታችን፣ ቀዝቃዛና እርጥብ።

«እህቴ የት አለች?»

«እዚያው ትተሃት መጣህ እኮ» አለች በሹክሹክታ።

የሙያችን ልማድ ትዝ አለኝ። ሥዕሉ ታትሞ ሲያልቅ፣ ሌላ ሰው እንዳያትምበት ሠዓሊው መዳቡን በስለታም ብረት ይሰርዘዋል። ለመሰረዙም ማስረጃ አንድ ወረቀት ይታተማል።

እግሬ እስኪቀጥን ወደ ማተሚያ ቤቱ ሮጥኩ።

«አይሰርዙት! ጌታዬ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ!»

ሙሴ ኩርቶ ብረቱን በጨርቅ ይወለውላል።

«ምን ያስጮህሃል? ሰረዝኩት እኮ። ና ማስረጃውን አትምልኝ።»

መዳቡ ጥቁር ቀለም እንደተቀባ ስለነበር፣ ከጥግ ጥግ የተጠላለፉት ሁለት ስርዞች ብቻ ናቸው የሚታዩት። ነካሁት። በረዶ ሆኗል።

«እህቴን ምን አደረግሃት?» አልኩት። አንቱታው ገደል ይግባ!

«አሳምሬ ሣልኳት። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ላንቀው ነበር። ግን መጀመሪያ እሷን ልያት አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ። አተምኩት።

ወረቀቱን ከጥጉ ይዤ ቀስ ብዬ ገለጥኩት...

ስርዙ አለ። ፊቷ የለም።

ሁለት እጆች ሸፍነውታል። መዳፋቸውን ወደ እኛ አዙረው፣ በቃ በሚል ዓይነት። ስርዙ ጣቶቹን ቆራርጦ ነው ያለፈው።

ሙሴ ኩርቶ በትከሻዬ በኩል አጮልቆ አየ።

«እጅ አልሣልኩም እኮ...» አለ።

ከዚያ መነጽሩን አስተካከለና ጠጋ አለ።

«ግን ሲያምር!»